እንጀራ መሸጥ ልጀምር ነው፤ በምን ልጋግር? መብራት፣ ፍልጥ፣ ከሰል ወይስ ጋዝ?

የጤፍ_ልጅ | ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያላት ሰርቪስ ክፍል አለች። እዚያ እንጀራ እየጋገርኩ ለሰፈሩ ሱቆችና ለምግብ ቤት ለማቅረብ ተነስቻለሁ። ስለ ጤፉ፣ ስለ እርሾውና ስለ አብሲቱ አታስቡልኝ፤ ያደግኩበት ሙያ ነው። ውሳኔ ያቃተኝ የሚነደው ነገር ነው።

መብራት አለን፤ ግን ይሄዳል፣ ሲመጣም ማታ ማታ ይደክማል። ጎረቤቴ «የባህር ዛፍ ፍልጥ በአይሱዙ አስጭነሽ አስገቢ፣ ትገላገያለሽ» ትለኛለች። ወንድሜ ሲሊንደር ጋዝ ይሻላል ይላል። ጄኔሬተር ግዢ ያሉኝም አሉ። የምጠይቀው ዋጋውን ብቻ አይደለም። ትንሿ ልጄ አስም አለባት፤ ክፍሏ ደግሞ ከመኝታችን ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ለኪስም፣ ለሳንባም፣ ለአካባቢውም የሚሻለው የቱ ነው? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሰማያዊ_ነበልባል | የካ አባዶ

ሲሊንደር ግዢ። እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ወጡም ሻዩም በእሱ ነው። ጭስ የለ፣ አመድ የለ፤ ስትለኩሺው ይነሳል፣ ስትዘጊው ይጠፋል። አንድ ኪሎ ጋዝ 46 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይዟል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 16 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ከጋዙ ሙቀት ግማሹና ከዚያም በላይ ድስቱ ጋ ይደርሳል። በጋዝ የሚሠራ የእንጀራ ምጣድም አለ።

ሽቦ_እና_ቮልት | ገላን

ሰማያዊ_ነበልባል፣ ለወጥ ያልከው ልክ ነው። ለእንጀራ ንግድ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ጋዙ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ አንድ ሰሞን ሲጠፋ ደንበኛሽ አይጠብቅሽም። ምጣዱ ደግሞ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ሸክላ ነው። ነበልባሉ ሁሉም ቦታ እኩል ካልደረሰው እንጀራው መሀሉ ያርርና ዳሩ ሊጥ ይሆናል።

እህቴ፣ መስመሩ እስካለሽ ድረስ መልሱ መብራት ነው። በኤሌክትሪክ ሥራ የምኖር ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምልሽ። የቤት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ3.5ቱ ሁለት ሰዓት ብትጋግሪ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያንን በምትከፍይው ታሪፍ አባዢው። ከዚህ ውስጥ እንጀራውን የሚያበስለው ግማሽ ያህሉ ነው። የቀረው በጎንና በስር፣ አክንባሎው በተነሳ ቁጥርም ከላይ ይወጣል። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግን ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ከአስር እጅ አንዱ ገደማ ነው። በዚያ 7 ኪሎዋት ሰዓት የጋገርሽውን እንጀራ በጉልቻ ልጋግር ብትዪ 8 ኪሎ ያህል የደረቀ ፍልጥ ታነጃለሽ።

አሁን ወደ ችግርሽ። «ማታ ይደክማል» ያልሽው ቀላል ነገር አይደለም። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ሰው ትንሽ የቀነሰ ይመስለዋል። የምጣዱ ኃይል ግን የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። 3.5 ኪሎዋት የነበረው 2.3 ይሆናል። ምጣዱ ወደ አየር የሚለቀው ሙቀት ግን ያው ነው፤ በደካማ ኃይል ረዥም ሰዓት ስትጋግሪ የሚባክነው ይበዛል። እንጀራውም ዓይኑ አይወጣም።

በመልቲሜትር ሰዓት እየለየሽ አስለኪ። ከዚያ በፊት ምጣድ አትግዢ።

የደን_ሰው | ቡራዩ

እስካሁን ማንም ከሰል አላነሳም፤ ርዕሱ ላይ ስላለ እኔ ልጀምር። ከሰል ንጹሕ የሚመስለን ጭሱን ቀድሞ ጫካ ውስጥ ጨርሶ ስለሚመጣ ነው። ቆሻሻው ቀርቶ ሳይሆን ከዓይናችን ርቆ ነው።

በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ እንጨት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገባል። ያ እንጨት 100 ሜጋጁል ገደማ ይዞ ገብቶ፣ የሚወጣው ከሰል 30 ገደማ ነው የያዘው። ሁለት ሦስተኛው እዚያው ጉድጓዱ ላይ ቀረ ማለት ነው። ቤት ስትደርሺ በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ላይ ከዚያ 30 ውስጥ ሩቡ ድስቱ ጋ ቢደርስ ሰባት ተኩል ነው። ከዛፉ ጀምረሽ ስትቆጥሪው ከሰል በጉልቻ ከሚነድ እንጨትም ያንሳል! ለዚህ ነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግራር እያለቀ የሄደው። ከዝዋይ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ያላየ የለም።

ይህን ስል ሁሉንም ከሰል በአንድ ሙቀጫ እንዳትወቅጡት። አዊ ውስጥ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳቸው ተክለው፣ በጥቂት ዓመት ቆርጠው፣ አክስለው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ከተቆረጠ በኋላ መሬቱ እህል ይዘራበታል፣ እንደገናም ይተከላል። አሲዳማ ሆኖ ምርት እምቢ ያለ መሬት እንዲህ ገቢ ሲያስገኝ ማየት ያስደስታል። ኋላ ላይ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ተክሉን ጎድቶታል፤ ቢሆንም አሠራሩ መማሪያ ነው። ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን የሚቀጥለው ተክል ይመልሰዋል። የዱር ግራር ተቆርጦ ማንም በቦታው ሳይተክል ሲቀር ግን የሚመልሰው የለም።

አመሻሽ_ቡና | ዓለም ባንክ

ወንድሜ፣ ያንተን ሒሳብ አከብራለሁ። ግን ሰው ከሰል የሚገዛው በሳህን ነው። የዕለት ገቢ ያላት ሴት ለሲሊንደር ወይም ለምጣድ የሚሆን ብር አንድ ላይ ከየት ታምጣ? በየቀኑ የምታወጣው ሲደመር በልጦ ቢገኝ እንኳ ያላት የዛሬው ነው። እንጀራውን ትተነው ለወጥና ለቡና ምን ታድርግ? እሱን መልስልኝ።

የደን_ሰው | ቡራዩ

እውነትሽን ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ላቀች ምድጃ ትግዛ። የቆርቆሮ አቃፊ ያለው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው ነው። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዘው ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ እሱም በጥቂት ብር የሚገኝ ነገር ነው። ሌላው ክዳን ነው። እኛ የምንኖረው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክክም ባቄላም የሚዘገየው ለዚህ ነው። ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስቱን መክደን፣ ከተቻለም ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ለአንድ ድስት የሚገባውን ከሰል በጣም ያሳንሰዋል።

ነጭ_ጋውን | ለገጣፎ

ነርስ ነኝ። ስለ ከሰል አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ክረምት ላይ ወይም በበዓል ዋዜማ ምድጃውን አስገብተው፣ በሩን ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ጠዋት ሲጠሩ የማይነሱት በዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለው፣ ካዞረው ቡና አታፍሉ። በር ክፈቱ፣ ውጡ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ፍሙ ቀልቷል፣ ገሞራው አልፏል ተብሎ የሚገባ ምድጃም ያው ነው፤ ጋዙ አይቆምም።

የጤፍ_ልጅ፣ ስለ ልጅሽ አስም ልንገርሽ። የእንጨት፣ የቅጠልና የኩበት ጭስ የአየር ቧንቧዋን የሚያስቆጣው በብናኙ ነው፤ ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ አስቀምጧል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ላምባም ይሻላል ብለው እንዳያታልሉሽ፤ ድርጅቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝን ለቤት ማብሰያ አይመክርም። ያቺ ግድግዳ የምትጋራ ክፍል ውስጥ እሳት የሚባል ነገር እንዳታነጂ። በመብራት ከሆነ ግን ችግር የለም፤ ለእንፋሎቱ ብቻ መስኮቱን ክፈቺው።

ሽሮሜዳ_ዳገቱ

እኔ ያደግኩት በቅጠል ጭስ ነው። እናቴ ከእንጦጦ ጫካ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ነው ያሳደገችን። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ይበልጥ ነበር። ገመዱ ትከሻዋ ላይ የተኛበት ቦታ ጠቁሮ፣ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደንድኖ እስከ ዛሬ አለ። ቁልቁለቱን ስትወርድ አጎንብሳ፣ እግሯን በጎን እየጣለች ነበር። ቀና ካለች ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥላታል።

ቅጠል የጋገረበት ሰው ያውቀዋል። ዘይት ስላለው ቦግ ይልና ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ አንዷ እጅ ሊጥ ስታሰፋ ሌላዋ ቅጠል ትማግዳለች፤ ፊትሽን ከምድጃው አፍ ላይ ማንሳት አትችይም። እናቴ አሁን ደረቷ ያማታል፣ ሌሊት ትስላለች። ሐኪሙ ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። አጭሳ አታውቅም።

የእንጦጦ ባህር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ መጥቶ ከተማዋን ከመሰደድ እንዳዳናት የታወቀ ነው። ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ነበር። ያንን የማገዶ ዕዳ ግን ከዚያ ወዲህ በጀርባቸው የከፈሉት ሴቶች ናቸው። እህቴ፣ መብራት ከሆነልሽ በመብራት አድርጊው። ስለ ልጅሽም ስለ ራስሽም ብዬ ነው የምለምንሽ።

አባ_ላሜ | ሱሉልታ

ልጆቼ፣ ጥሩ ትወያያላችሁ። እኔ የወተት ላሞች አሉኝ፤ ስለ ኩበት ላንሳ። ኩበት በክብደቱ ሲታይ ሙቀቱ ከእንጨት ያነሰ፣ ጭሱ የበዛ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሬቱ የሚበላው ምግብ መሆኑ ነው። እበቱን አድርቀን ስናነድ ለማሳው የሚገባውን ናይትሮጂን ወደ ሰማይ ሰደድነው፤ ዞረን ደግሞ ማዳበሪያ በብር እንገዛለን።

እኔ ስንዱ የሚሉትን የባዮጋዝ ጉድጓድ አስቆፍሬአለሁ። እበቱ ከውሃ ጋር እኩል ተበጥብጦ ይገባል፤ ጋዙ ለሻይ፣ ለወጥ፣ ለወተት ማፍያ ይሆናል። የወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለጎመኑና ለሣሩ ነው፤ አይሸትም፣ ዝንብ አያመጣም። በሱሉልታ ብርድ ጋዙ ይቀንሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስለሚሰንፍ ጉድጓዱን በሣርና በአፈር እናለብሰዋለን። ለእንጀራ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ምጣድ አያግልም። ስለዚህ ለዚህች ልጅ ንግድ አይሆናትም። ላም ላለው ሁሉ ግን አጥብቄ እመክራለሁ።

የደን_ሰው | ቡራዩ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምርልዎ፦ ቧንቧው እንዳያፈስ ሁልጊዜ ያስፈትሹት። ከጋዙ አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሳይነድ ካመለጠ በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ምድርን ያሞቃል። ሲነድ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው።

መሪ_ጨባጭ | ኮዬ ፈጬ

ጄኔሬተር ያሉሽን ሰዎች አትስሚ። ሹፌር ነኝ፤ ነዳጅ ምን እንደሚበላ አውቃለሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለው። ትንሽ ጄኔሬተር ከዚያ የሚያወጣው መብራት 2 ገደማ ነው፤ ሌላው በጭስ ማውጫው ሄደ። ከዚያ ያንን 2 መልሰሽ ሙቀት ልታደርጊው! በሰፈሩ ላይ የሚለቀው ጭስና ጩኸት ሌላ ነው። ናፍጣም ቢሆን በሊትር 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ የተከለከለው የዶላሩ ነገር ስላሰጋ ነው፤ የመኪና ሞተር ከነዳጁ ጎማ ላይ የሚያደርሰው ሩቡን ገደማ ነውና። ግን የኤሌክትሪክ መኪና ለኛ ለረዥም መንገድ ሠራተኞች ቻርጅ ማድረጊያው…

ሽቦ_እና_ቮልት | ገላን

መሪ_ጨባጭ፣ የመኪናው ነገር ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ክር ክፈትለት፤ እኔም እሳተፋለሁ። እዚህ እህታችን ምጣድ ሳትገዛ አንለያይ።

የጤፍ_ልጅ | ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽሮሜዳ_ዳገቱ፣ የእናትሽን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። እሳቸውን ሰላም በዪልኝ፤ ምሕረቱን ይላክላቸው።

በተባልኩት መሠረት አስለካሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ 183 ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ግን 216! ልዩነቱ አስገረመኝ። ታዲያ ሌሊት ተነስቼ ብጋግርስ? ጠዋት ሱቆቹ ሲከፈቱ ትኩስ እንጀራ ይዤ እደርሳለሁ። የምፈራው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ሊጡ ተቦክቶ፣ አብሲት ገብቶበት፣ ኩፍ ብሎ እያለ መብራት ከሄደ ይኮመጥጥና የሊጡም የደንበኛዬም ነገር ያበቃል።

ሽቦ_እና_ቮልት | ገላን

በጣም ጥሩ ነገር ነው ያገኘሽው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ስቶቭና ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል፤ ሌሊት ነፃ ነው። አገራችን የምታመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ነው። እንግዲህ ሌሊት የምትጋግሪበት ኃይል ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። በየሰፈሩ የሚቀረው ሥራ የሽቦና የትራንስፎርመር ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልብ ብለሽ አንብቢ። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። በተራ ሶኬት እንዳትሰኪው፤ ሶኬቱ ቀልጦ ቤት ያቃጥላል። ከማከፋፈያው ቀጥታ ለብቻው መስመር ይውጣ፤ ሽቦው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው። ሊጥ የነካ እርጥብ እጅ ነውና የመሬት ሽቦውን ነገር ለባለሙያው አደራ በዪው። ሁለት ምጣድ ካሰብሽ ቆጣሪሽ መቻሉን መጀመሪያ በአካባቢሽ ካለው የመብራት ቢሮ ጠይቂ።

ስትገዢ ምጣዱን ገልብጠሽ እዪ። ሬዚስታንሱ የተቀበረበት መስመር ከዳር እስከ መሀል እኩል የተራራቀ ይሁን፤ ከስሩም ሙቀት የሚይዝ ነገር የተሞላበትን ምረጪ። ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ግማሽ ገንዘብሽን ወለሉን ታሞቂበታለሽ። ሸክላው እስኪግል ብዙ ይበላል። አንዴ ከጋለ በኋላ ሳታቋርጪ ጋግሪ፤ ጠዋት ጥቂት፣ ከሰዓት ጥቂት ማለት ያከስርሻል።

ምድጃ_ቀራጭ | ሰበታ

መብራት ለጠፋበት ቀን የኔ ድርሻ ነው። «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ አስቀምጪ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚቀረጽ ነው፤ ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋዋል፣ እሳቱ ወደ ጎን አያመልጥም። ከጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል፤ ሽቦ_እና_ቮልት 8 ኪሎ ያለው 4 አካባቢ ይሆናል። ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ድስት ውሃ ያፈላል፤ ለአብሲትም ለእጅ መታጠቢያም ይሆንሻል።

ፍልጡን እርጥብ አትግዢ። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። ብር የከፈልሽው ለውሃ ነው፤ እሳቱም ያንን ውሃ ለማትነን ነው የሚደክመው፣ ጭሱም ከዚያ ይመጣል። በበጋ ገዝተሽ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ደርድሪው፤ ላዩን ብቻ በቆርቆሮ ክደኚው፣ ጎኑን ክፍት ተይው። ሁለት ፍልጥ ስታጋጪ ቃ የሚል ደረቅ ድምፅ ካሰማ ደርቋል። ቀጭን አድርገሽ አስፈልጪ፤ ወፍራሙ ይጨሳል እንጂ አይነድም።

የጤፍ_ልጅ | ቱሉ ዲምቱ

ተስማማሁ። ዋናው የመብራት ምጣድ፣ ሌሊት። ለመጠባበቂያ ምርጥ ምድጃ፣ ከደረቀ ፍልጥ ጋር፤ ሲሊንደሩ ለወጥ ብቻ። ምድጃውን ግን የት ላስቀምጠው? ሰርቪሷ ውስጥ አይሆንም። ከግቢው በር አጠገብ ዳስ መሰል ጥላ አለ፤ ከመኝታችን መስኮት ይርቃል። ጭስ ማውጫስ ያስፈልገዋል?

ነጭ_ጋውን | ለገጣፎ

ጥላው ይሻላል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ወዴት እንደሚነፍስ አስተውዪ፤ ወደ ልጅሽ መስኮትና ወደ ጎረቤት የሚወስደው ከሆነ ቦታ ቀይሪ። በፍልጥ የምትጋግሪ ዕለት ልጅቷ ግቢው ውስጥ አትዋል፤ የምትነፋው መድኃኒትም ከእጅሽ አይራቅ።

ምድጃ_ቀራጭ | ሰበታ

ጭስ ማውጫ ያለውን ዓይነት ውሰጂ፤ አዎ፣ ያስፈልገዋል። ቧንቧው ከጥላው ጫፍ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ፣ ዝናብ እንዳይገባው ቆብ ይደረግለት። ጥቀርሻው ሲሞላ ጭሱ ወደ አንቺ ይመለሳል፤ ስለዚህ ተፈትቶ የሚጸዳ አድርጊው። ቧንቧው በሚያልፍበት ቦታ ሞራሌው ቅርብ ከሆነ አናጺው ቆርጦ ያርቀው፤ በእንጨቱና በቧንቧው መካከል አንድ ክንድ ክፍተት ይኑር። ሰበታ ብቅ ካልሽ የተቀረጸውን አሳይሻለሁ። ከመጫንሽ በፊት ግን የምጣድሽን ስፋት ለክተሽ ነይ፤ ልኩ ካልገጠመ እሳቱ በክፍተቱ ያመልጣል።